ቅቤ ፈሳሽ ነው እንዴ? ከቦሌ ስንነሳ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ የእናቱ ጓዳ ነው። ፍተሻው ላይ ክርክር የሚነሳውም ብዙውን ጊዜ በጓዳው ነው።

«ማርና ቅቤ ምግብ እንጂ ፈሳሽ አይደሉም።»
ለፈታሹ ፈሳሽ ናቸው። የሚፈስም የሚቀባም ሁሉ፣ አዋዜ ሳይቀር፣ በእጅ ሻንጣ ሲያዝ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት። የደንቡ መነሻ በኦገስት 2006 እ.ኤ.አ. የተደረሰበት ሴራ ነው፤ በለስላሳ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው ከለንደን ወደ አሜሪካና ካናዳ በሚበሩ አውሮፕላኖች ሊሳፈሩ ያሴሩ ሰዎች ያኔ ተያዙ። የሚታየው ደግሞ የዕቃው መጠን ነው፤ ጠብታ ብቻ የቀረበት የ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አያልፍም። አዲስ መሣሪያ ያስገቡ አንዳንድ ኤርፖርቶች ደንቡን አላልተውታል፤ መሸጋገሪያው ላይ ግን የድሮው ሊጠብቅዎት ይችላል። የሕፃን ወተትና መድኃኒት ለብቻ ይታያሉ።

«በርበሬና ሽሮ ደረቅ ስለሆኑ ችግር የለባቸውም።»
ወደ አሜሪካ ከሆነ አለባቸው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 350 ሚሊ ሊትር (አንድ ቆርቆሮ ለስላሳ ያህል) እና ከዚያ በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ምንነቱ ካልተለየ ይቀራል። ወደሚመዘነው ሻንጣ ያስገቡትና ይገላገሉ።

«ፓወር ባንክ አደገኛ ስለሆነ ከልብስ ጋር ይታሸግ።»
ተቃራኒው ነው። የሊቲየም ባትሪ እላይ ቢያጨስ አስተናጋጆቹ ይደርሱለታል፤ እታች ጭነት ክፍል ውስጥ ግን ማን ያየዋል? ስለዚህ በእጅ ይያዛል፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ)። የተለመደው 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚባለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ገደቡን የሚያጠብቁ አየር መንገዶች ስላሉ ይጠይቁ።

«ፍተሻውን ካለፈ አለፈ።»
ፈታሹ የሚፈልገው አውሮፕላኑን የሚጎዳ ነገር ነው፤ ቋንጣዎ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው የመድረሻው ጉምሩክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ንጥር ቅቤው የቱንም ያህል ቢጠቀለል ለውጥ የለውም። እኛ ዘንድ በአደባባይ የሚሸጠውን ጫትም ብሪታንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች።

«የሰው አደራ ነው፣ ውስጡን አላውቅም።»
ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው። «ሻንጣውን ያሸጉት ራስዎ ነዎት? ዕቃ የሰጠዎት ሰው አለ?» የሚባለው ለወግ አይደለም። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው የእርስዎ ስም ነው፤ የሚያዘውም ተሸካሚው ነው። የተቋጠረ አደራ መፍታት ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ። እኔ ግን አደራውን በሰጠኝ ሰው ፊት ፈትቼ አያለሁ፤ አብረን መልሰን እንቋጥረዋለን። ቅር ያላት አክስትም አለች።