የጓሮ በሩ ሰው፦ ስለ ዲ ኤል ሜናርድ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የኬጁኖች ዘፋኝ የነበረውን ዲ ኤል ሜናርድን (1932–2017) ብዙ ሰው የሚያውቀው በአንድ ዘፈንና በአንድ ቅጽል ስም ነው። ዘፈኑ «የጓሮ በር»፣ ቅጽል ስሙ በታዋቂው አሜሪካዊ የካንትሪ ዘፋኝ ስም «የኬጁኑ ሃንክ ዊሊያምስ»። ይህን ሰው በጣም ስለምወደው፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር አብረው የሚነሱት ስህተቶች ያንገበግቡኛል።

«የኬጁን ዘፈን ከጥንት የወረደ ነው፤ ደራሲ የለውም»

ከአያት ከቅድመ አያት የወረዱ ዜማዎች ሞልተዋል። «የጓሮ በር» ግን ደራሲው ይታወቃል። ሜናርድ ያኔ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ተነስቶ ያስተናግዳል፣ ሲሄድ ወደ ግጥሙ ይመለሳል። እንዲህ እየተቆራረጠ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጨረሰው። በ1962 ስዋሎ የሚባል የአካባቢው አሳታሚ በሸክላ አወጣው።

በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሲጨፍር አድሮ፣ ሰክሮ፣ ቤቱ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይገባል። ኪሱ ሲራቆት ወዳጆቹ ይሸሹታል። በኋላ ፖሊስ ይዞት እስር ቤት ሲያስገባውም በጓሮ በር ነው! ሳቁም ሐዘኑም በዚያች አንድ በር ያልፋሉ።

«ሃንክ ዊሊያምስን ቀድቶ የኖረ ሰው ነው»

ሃንክን ይወደው ነበር፤ ደብቆትም አያውቅም። በ1951 ኒው አይቤሪያ ከተማ ቲች ክለብ ውስጥ አግኝቶት አሥር ደቂቃ ያህል አውርተዋል። ሜናርድ ያቺን ወሬ ዕድሜ ልኩን ሲተርካት ኖሯል። አዘፋፈኑ ላይም የሃንክ ድምፅ ይሰማል።

ቋንቋው ግን የራሱ ነው፤ የኬጁኖች ፈረንሳይኛ። የ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። የኬጁን ልጆች በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ሲያወሩ ከተሰሙ ይቀጡ ነበር። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው የተከለከለበትን ቋንቋ ይዞ፣ ሰው ሁሉ የሚጨፍርበትን ዘፈን ጻፈ። ይሄ ኩረጃ ከተባለ እኔ አልስማማም።

«ኬጁንና ዛይዲኮ አንድ ናቸው»

ጎረቤት ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ኬጁኖች ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች ከአካዲያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ያፈናቀሏቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘሮች ናቸው። ዛይዲኮ ደግሞ የጥቁር ክሪዮሎች ሙዚቃ ነው፤ ብሉዝ ገብቶበታል፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ቆርቆሮም እየተፋቀ ይመታበታል።

«በዘፈኑ ሀብታም ሆኖ ኖረ»

እንጀራው ወንበር ነበር። ኢራዝ በምትባል ትንሽ ከተማ በራሱ ወርክሾፕ እንጨት እየላገ ወንበር ይሠራ ነበር፤ ጊታሩን ይዞም ብዙ አገር ዞሯል። በ1994 ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የአሜሪካን ትልቅ ክብር፣ የብሔራዊ ቅርስ ሽልማትን፣ አገኘ። በዚያው ዓመት ወርክሾፑ በእሳት ወደመ። መልሶ ሠራው። በ2005 ደግሞ ሪታ የተባለችው አውሎ ነፋስ ያመጣችው ጎርፍ ቤቱ ገባ። መዝፈኑን ግን አልተወም።

«የኬጁን ሙዚቃ ማለት አኮርዲዮን ነው፤ ጊታሩ ማጀቢያ ነው»

ሜናርድ የመጀመሪያ ጊታሩን በልጅነቱ በካታሎግ አዝዞ በ11 ዶላር ነው የገዛው። አመታቱ ፈጣንና ጠንካራ ነው፤ ጨፋሪውን እግሩን ይዞ ይነዳዋል። «የጓሮ በር»ን ስትሰሙ አኮርዲዮኑን ለአፍታ ተዉትና ከሥር ያለውን ጊታር ስሙ። ያ እጅ ነው ወንበሩንም ይሠራ የነበረው።