የሸረሪት ጆሮ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ ሰው በሙሉ ልብ ሲናገር ሰማሁ። «ሸረሪት ደንቆሮ ናት፤ ድሯ ካልተነካ ምንም አታውቅም» ይላል። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። አሁንስ በዛ።

ጆሮ የላትም፣ እውነት ነው። መስማት ግን የግድ ጆሮ አይፈልግም። ድምፅ አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ ያንን እንቅስቃሴ ከሩቅ መያዝ ከቻለች ሰምታለች። እግሮቿ ላይ ለዚሁ ሥራ የተሠሩ፣ ከሌላው ፀጉሯ የሳሱ ፀጉሮች አሉ። ትራይኮቦትሪያ ይባላሉ። እያንዳንዱ ስኒ በመሰለች ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። አየሩ ትንሽ ከተነቃነቀ እሱም ዘንበል ይላል፤ ሥሩ ያለው ነርቭም ወዲያው ይነቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዘላይ ሸረሪትን የአንጎል ምልክት ሲመዘግቡ ድንገት ወንበር ሲጥጥ አለ። የሸረሪቷ ነርቭ መልስ ሰጠ። ከዚያ ራቅ ብለው አጨበጨቡ፤ አሁንም መለሰ። ከ3 ሜትር በላይ ርቀት ላይ! ድር የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም።

«በፀጉሯ ነው የምትሰማው» ብሎ ነገሩን የሚጠቀልለውም ቢሆን ግማሹን ትቶታል። ሌላው አካል ፀጉር አይደለም፣ ስንጥቅ ነው። በጠንካራ ቅርፊቷ ላይ፣ በተለይ እግሯ መገጣጠሚያ አጠገብ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ሳይንሱ ስማቸውን ያወጣው የክራር ዘመድ ከሆነው ከጥንቱ የግሪክ መሣሪያ፣ ከሊራ ነው። ባቲን ከአምባሰል በጆሮው ለይቶ ላደገ ወሎዬ ስሙ ሩቅ አይደለም። የስንጥቆቹ ርዝመት ይለያያል፤ ልክ እንደ ክራር አውታር ሁሉም እኩል አይመልስም። ክራር መቺው አንዱን አውታር ሲነካ ጣቱ ላይ የሚሰማው ንዝረት አለ አይደል? ሸረሪቷም ድሩን በእግሯ ይዛ እንዲያ ነው የምታዳምጠው። ግን ምሳሌው እዚህ ላይ ይበቃዋል። አውታር ራሱ ይርገበገባል፤ ስንጥቁ ግን ቅርፊቱ ሲጫን በትንሹ ይጠባል፤ ነርቩም የሚያነበው ያንን መጥበብ ነው።

ደሞ ድሩም ቢሆን እስኪነካ አይጠብቅም። ማለዳ ሐይቅ ዳር ቄጤማው መካከል ክብ ድር ፈልጉ። ዝንብ ሳትነካው ጥዝዝ ብላ በአጠገቡ ስታልፍ ሸረሪቷ የፊት እግሮቿን ብድግ ልታደርግ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ክብ ድር ከአየር ላይ ድምፅ እንደሚቀበል አሳይቷል። ስለዚህ ድሩ ወጥመድም ነው፣ የጆሮ ታምቡርም ነው።

ማሽተቱስ? እዚህም «በአንቴናዋ» የሚል አይጠፋም። ሸረሪት አንቴና የላትም፤ ነፍሳትም አይደለችም። ጫፋቸው ላይ አንድ ቀዳዳ ያላቸው ፀጉሮቿ የነካችውን ይቀምሱላታል። ያ መቅመስ ነው እንጂ ማሽተት አይደለም። የሚያሸቱት ፀጉሮች ቀዳዳ ያላቸው በግድግዳቸው ዙሪያ ነው፤ እጅግ ደቃቅ፣ ብዙ ቀዳዳ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ይፋ የሆነው ጥናት እነዚህን ያገኘው አርጊዮፔ ብሩኒኪ በተባለው ሸረሪት እግር ላይ ነው፤ እሱም በወንዱ ብቻ። የሴቷን ጠረን ከሩቅ የሚይዝባቸው ናቸው። ልክ እንደ ጢም፣ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አይወጡለትም።