ሆን ተብሎ የሚዘጋ ፕሮግራም

ፕሮግራም ድንገት ሲዘጋ ተጠቃሚው «ተበላሸ» ይላል፤ ሠሪው አልፎ አልፎ «እንዲዘጋ አድርገን ነው የሠራነው» ይላል። በ2007 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ዎርድ 2007 በተዛቡ ፋይሎች እንደሚዘጋ ሲያሳዩ፣ ማይክሮሶፍት የአጥቂ ኮድ ከሚሠራ ፕሮግራሙ ቢዘጋ ይሻላል ሲል ተከራክሯል። ሦስት ገጽ ጽፎ ያላስቀመጠ ሰውን ይህ ብዙም አያጽናናም፤ ክርክሩ ግን መሠረት አለው።

አንድ የፕሮግራም ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ የሚጠቁም አድራሻ በማህደረ ትውስታ ላይ ይቀመጣል። ለስም 64 ባይት ተመድቦ 200 ባይት ቢገለበጥበት ትርፉ ሞልቶ ይፈስና አድራሻውን ይደመስሰዋል። አጥቂው ትርፉን አስልቶ ከላከ፣ ፕሮግራሙ የሚመለሰው እሱ ወደፈለገው ቦታ ነው። በ1988 ኢንተርኔትን ያወከው የሞሪስ ትል የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነበር።

በ1998 ይፋ የሆነው ስታክጋርድ የተባለ መከላከያ ከአድራሻው ፊት አንድ ምስጢራዊ ቁጥር አኖረ። ቁጥሩ ካናሪ ይባላል፤ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መርዛማ ጋዝ እንድትጠቁማቸው ይዘዋት ይወርዱ ከነበረችው ትንሽ ወፍ የተወረሰ ስም ነው። ቁጥሩ ተለውጦ ከተገኘ ወፏ ሞታለች፤ ፕሮግራሙም እዚያው ይቋረጣል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2004 በወጣው ሁለተኛ የማሻሻያ ጥቅሉ፣ ለመረጃ ብቻ ከተመደበ ቦታ ኮድ ለማስኬድ የሚሞክርን ፕሮግራም መዝጋት ጀመረ።

ሁሉም አልተስማማም። የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2017 የደኅንነት ችግር ያው የፕሮግራም ስህተት እንደሆነ ገልጾ፣ ፕሮግራሙን መዝጋትን የሚያስቀድሙ የደኅንነት ባለሙያዎችን ክፉኛ ወርፏል። እውነትም መዝጋት ስህተቱን አያርመውም፤ ሰብሮ መግባት ያቃተው አጥቂም ቢያንስ አገልግሎቱን ማቋረጥ ይችላል።

የከፋው ግን መዘጋቱ ራሱ ምስጢር ሲያወጣ ነው። በ2014 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች፣ በወደቀ ቁጥር ያንኑ ካናሪ ይዞ የሚነሣ ሰርቨር ካለ ካናሪውን ባይት በባይት መገመት እንደሚቻል አሳዩ። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ግምቱ ስህተት ነው፤ ከቀጠለ ትክክል። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ከካናሪው 8 ባይት አንዱ ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 256 አማራጭ ላላቸው ቀሪ 7 ባይቶች ቢበዛ 1,792 ሙከራ ይበቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወደቀውን የሚተካው ቅጂ ካናሪውን ከተቀዳበት ወላጅ ፕሮግራም ሳይወርስ፣ እንደ አዲስ ተነሥቶ የራሱን ቁጥር ያውጣ።