ኮሄዥን ፈንድ ምንድን ነው? የሃንጋሪ ትራምና የድሮ ግንብ ከማን ኪስ ነው የሚታደሰው?

ምስራቅ ሃንጋሪ ውስጥ ኒርማርቶንፋልቫ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፣ ከሩማንያ ድንበር ብዙም አትርቅም። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የዚች መንደር ፎቶ ኢንተርኔቱን ሞላው። ፎቶው ላይ ያለው በአውሮፓ ህብረት ድጎማ የተሰራ የዛፍ መሃል መራመጃ ነው፣ ማለትም ሰው ከመሬት ከፍ ብሎ በቅርንጫፍ መሃል እየሄደ ወፍ ምናምን እንዲያይ የሚሰራ የእንጨት ድልድይ ነገር። ችግሩ ዛፍ የለም። ዙሪያው ተቆርጦ ሜዳ ሆኗል፣ ድልድዩ ብቻውን በባዶ መሬት ላይ ተገትሯል። ሃንጋሪዎች መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተናደዱ፣ ከዛ "በቃ የኮሄዥን ገንዘብ እንዲህ ነው የሚያልቀው" ማለት የሁሉም ሰው ወሬ ሆነ።

እንደው ለሃቁ ያህል፣ የመራመጃው ገንዘብ ከኮሄዥን አልወጣም። የወጣው ገበሬውንና ደኑን ከሚደግፈው ከገጠር ልማቱ ኪስ ነው። ግን ሰው ቢያምታታው አይገርምም፣ ሁሉም የህብረቱ መቀመጫ ከሆነችው ከብራሰልስ ነው የሚመጣው፣ ሁሉም ላይ ያው ሰማያዊ ባንዲራ ይለጠፋል። ስለዚህ ኮሄዥን የሚባለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ ከስሩ ብንጀምር ይሻላል።

ኮሄዥን ማለት መያያዝ፣ አንድ ላይ መቆየት እንደማለት ነው። የአውሮፓ ህብረት አገሮች ገበያቸውን አንድ ሲያደርጉና ድንበር ሲከፍቱ አንድ ነገር እንደሚመጣ ገብቷቸው ነበር፣ ሀብታሙ አካባቢ ሰውንም ካፒታሉንም ይስባል፣ ድሃው አካባቢ ደግሞ ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ይሄድና ሽማግሌና ዝግ ፋብሪካ ብቻ ይቀራል። ይሄ ልዩነት እየሰፋ ከሄደ ህብረቱ ራሱ ይፈርሳል ተባለና ከጋራው በጀት ወደ ኋላ ለቀሩት አካባቢዎች የሚሄድ ገንዘብ ተቆረጠ። ሰው በአንድ ስም "ኮሄዥን" ይበለው እንጂ ከአንድ በላይ ኪስ ነው። ትልቁ በ1975 የተቋቋመው የክልላዊ ልማት ፈንድ ነው። ራሱን ኮሄዥን ፈንድ የሚባለው በ1994 መጣ፣ እሱ የሚሰጠው የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከህብረቱ አማካይ 90 ፐርሰንት በታች ለሆነ አገሮች ብቻ ነው፣ የሚውለውም ለትራንስፖርትና ለአካባቢ ጥበቃ ነው። ለስልጠናና ለስራ ፈጠራ የሚውል ሌላም አለ፣ እሱን እዚህ ልተወው።

ሃንጋሪ ህብረቱን የተቀላቀለችው ግንቦት 1 ቀን 2004 ነው። ከ2007 እስከ 2013 በነበረው የበጀት ዙር (በጀቱ የሚሰራው በ7 ዓመት 7 ዓመት ነው) ወደ 25 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበላት። የአስር ሚሊዮን ህዝብ አገር መሆኗን አትርሱ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ከዛ ወዲህ ሃንጋሪ ውስጥ የታደሰ ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ አደባባይ፣ የተጠገነ ግንብ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ እዛው አጠገብ አንድ ሰሌዳ ተተክሏል። ብዙው ሰሌዳ "ሴቼኒ 2020" ይላል፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁን ለውጥ ፈላጊ ካውንት ኢሽትቫን ሴቼኒን ስም ወስደው ነው፣ ከጎኑ የህብረቱ ባንዲራና የድጎማው መጠን በፎሪንት (በሃንጋሪ ገንዘብ) አለ። ሰሌዳ መትከል ግዴታ ነው። የሃንጋሪ መንግስት በሚሰጠው በስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ስኮላርሺፕ ሴጌድ ወይ ፔች ወይ ደብረጼን የተማራችሁ ልጆች መቼም ሳታዩት አልቀራችሁም (ደብረጼን ስትባል የጎጃም ገዳም ትመስላለች አይደል? አይደለችም፣ የሃንጋሪ ሁለተኛ ከተማ ናት፣ እሷም በ2014 ሁለተኛ የትራም መስመሯን በዚሁ ገንዘብ ከፍታለች)።

እሺ ማን ምን ያህል ያገኛል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ከኮሄዥን ፈንዱ በቀር፣ ለትልቁ ኪስ ህብረቱ የሚቆጥረው አገር ሳይሆን ክልል ነው። የአንድ ክልል የነፍስ ወከፍ ምርት ከህብረቱ አማካይ 75 ፐርሰንት በታች ከሆነ "ያላደገ" ይባልና የፕሮጀክቱን ወጪ እስከ 85 ፐርሰንት ሊሸፈንለት ይችላል። ከዛ በላይ ከሆነ ድርሻው ይቀንሳል። አሁን ካርታውን እዩት፣ ቡዳፔስት ሀብታም ናት፣ ዙሪያዋን ከቦ ያለው የፔሽት አውራጃ ደግሞ ድሃ መንደሮችም አሉበት፣ ሁለቱ አንድ ክልል ተብለው ስለተቆጠሩ አማካዩ ከፍ አለና የፔሽት መንደሮች ለዓመታት የሀብታም ሂሳብ ተሰራባቸው። ጎረቤትህ መርሴዲስ ስላለው አንተም ግማሽ መርሴዲስ አለህ ተብለህ ድጎማ እንደመከልከል ማለት ነው። ከ2018 ጀምሮ ሁለቱን ለያዩአቸው፣ ፔሽት ለብቻው ክልል ሆነ። ስታቲስቲክስ የደረቀ ነገር የሚመስለው ካለ ይቺን ያስባት፣ መስመር አንድ ቦታ ስለተሰመረ ብቻ የአንድ መንደር መንገድ ይሰራል ወይ አይሰራም።

ገንዘቡ ደግሞ በሻንጣ አይመጣም። መንግስት ከኮሚሽኑ (የህብረቱ አስፈጻሚ አካል) ጋር ፕሮግራም ይስማማል፣ ከተማው በፕሮግራሙ ስር ያመለክታል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ስራው ይሰራል፣ ከዛ ደረሰኝ ቀርቦ ከብራሰልስ ይወራረዳል። የቀረውን 15 ፐርሰንት ወይ መንግስት ወይ ከተማው ይችለዋል። እና አንድ ሰው የማያነበው ነገር አለ፣ መሰረተ ልማት ከሆነ ስራው አልቆ የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ በአጠቃላይ ለ5 ዓመት ለታለመለት ነገር መዋል አለበት፣ አለበለዚያ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል። ይቺን 5 ዓመት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጥሩ የሆነውን ልንገራችሁ። ደቡብ ሃንጋሪ ውስጥ ሴጌድ አለች፣ ከሷ ሰሜን ምስራቅ 25 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ሆድሜዞቫሻርሄይ አለች (ስሟ ረጅም ስለሆነ ቫሻርሄይ ይሏታል፣ እኛም እንበላት)። በሁለቱ መሃል ብዙ ሰው ለስራም ለትምህርትም ይመላለሳል። ድሮ ባቡር ነበረ፣ ግን ባቡሩ ጣቢያ ላይ ያወርድሃል እንጂ መሃል ከተማ አይገባም፣ ስለዚህ ወርደህ ሌላ ትራንስፖርት ትይዛለህ። ህዳር 2021 ላይ ትራም-ባቡር የሚባለውን አስጀመሩ። ሀሳቡ ከጀርመኗ ካርልስሩህ የመጣ ነው፣ እዛ ከ1992 ጀምሮ አለ። ያው አንድ ተሽከርካሪ ከተማ ውስጥ ትራም ይሆንና በመንገዱ መሃል ፌርማታ እየቆመ ይሄዳል፣ ከከተማ ሲወጣ ወደ ዋናው የባቡር ሐዲድ ይገባና እንደ ባቡር ይፈተለካል። የሴጌዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው ሐዲድ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለውም። ስለዚህ ሽታድለር የሚባለው የስዊስ ባቡር ሰሪ ኩባንያ የሰራላቸው ተሽከርካሪ ሁለት ነፍስ አለው፣ ከተማ ውስጥ በሽቦ፣ ሜዳው ላይ በናፍጣ። ቫሻርሄይ ትራም የሚባል ነገር ያየችው በዚህ ነው፣ ዋናው መንገዷ ላይ ሐዲድ ተዘረጋ። ስራው ዘገየ፣ ወጪው ካሰቡት በላይ ሆነ፣ ይሄ አይካድም። ግን ሰው ይሳፈርበታል፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው።

ሚሽኮልጽ ደግሞ ትራምንና ቅርስን በአንድ ላይ ያየሁባት ናት። ሰሜን ምስራቅ ያለች የብረታብረት ከተማ ነበረች። በ1980ዎቹ ከ200 ሺህ በላይ ህዝብ ነበራት፣ ከ1990 በኋላ የዲዮሽጄር ብረት ፋብሪካ እየሞተ ሲሄድ ሰውም ሄደ፣ አሁን 150 ሺህ አትሞላም። ኮሄዥን የተፈጠረው ለእንደዚህ አይነት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። "አረንጓዴ ቀስት" ብለው በሰየሙት ፕሮጀክት ከተማዋን ከምስራቅ ወደ ምዕራብ የሚሰነጥቀውን 1 ቁጥር ትራም ሐዲዱን አደሱት፣ በምዕራብ በኩል አስረዘሙት፣ 31 አዲስ የሽኮዳ ትራም ገዙ፣ ወለላቸው ዝቅ ያለ፣ ሽማግሌና የህጻን ጋሪ የያዘች እናት ደረጃ ሳይወጡ የሚገቡበት። ይኸው ትራም ወደ ዲዮሽጄር ሰፈር ይወስድሃል፣ ወርደህ ትንሽ በእግር ከሄድክ አራት ማዕዘን ሆኖ በየማዕዘኑ ግንብ የቆመበት ቤተ መንግስት ታገኛለህ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ንጉስ ላዮሽ ያሰራው ነው፣ በኋላ ለንግስቶች በስጦታ ይሰጥ ስለነበር የንግስቶች ግንብ ይሉታል። ፈርሶ ነው የኖረው፣ በ2014 የተወሰነው ክፍል በህብረቱ ድጎማ እንደገና ተሰርቶ ተከፈተ። ታዲያ ክርክር አልጠፋም፣ ፍርስራሽ እንደ ፍርስራሽነቱ ይጠበቅ የሚሉ አሉ፣ የለም ጣራ ይኑረውና ሰው ይግባበት የሚሉ አሉ። እኔ ስጠየቅ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ፣ ግን አዲሱ ግድግዳ ከአሮጌው እንዲለይ ሆኖ መሰራት አለበት፣ አለበለዚያ ውሸት ይሆናል።

ፔች ግን ከሁሉም ብልህ ስራ የሰራች ይመስለኛል። በ2010 ከኤሰንና ከኢስታንቡል ጋር የአውሮፓ የባህል መዲና ነበረች። እዛ ዦልናይ የሚባል በ1853 የተቋቋመ የሸክላ ፋብሪካ አለ፣ ቡዳፔስት ሄዳችሁ የማቲያስ ቤተክርስቲያንን ባለ ቀለም ጣራ ካያችሁ የነሱ እጅ ነው፣ ውርጭ የማይሰነጥቀው ሸክላ ሰርተው ነው ስም ያተረፉት። የፋብሪካው ግቢ ትልቅ ነው፣ አብዛኛው ህንጻ እያረጀ ነበር። አደሱት፣ ሙዚየም አደረጉበት፣ የአሻንጉሊት ቲያትር አስገቡበት፣ ዋናው ብልሃት ግን የዩኒቨርሲቲውን የስነጥበብና የሙዚቃ ፋኩልቲ እዛ ማዛወራቸው ነው። ቱሪስት በክረምት ይጠፋል፣ ተማሪ ግን ጠዋት ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይጠቀማል፣ ቧንቧ ሲፈስ ይጮሃል። ቅርስን በህይወት የሚያቆየው ቧንቧ ሲፈስ የሚጮህ ሰው ነው።

አሁን ወደ 5 ዓመቷ። የተሰራው ነገር 5 ዓመት ማገልገል አለበት፣ ግን ኮሄዥን ያሰራልሃል እንጂ አያስተዳድርልህም። የሹፌሩ ደሞዝ፣ የመብራቱ ሂሳብ፣ የጣራው እድሳት፣ የጥበቃው፣ ሁሉም የከተማው ነው። 85 ፐርሰንት ሌላ ሰው ሲከፍልልህ ደግሞ ማንኛውም ነገር ርካሽ ይመስላል፣ ስለዚህ አንዳንድ ከንቲባ የሚያስፈልገውን ትቶ ድጎማ የተከፈተበትን ያመለክታል። ውጤቱን ለማየት ፌልቹት መሄድ ነው። ፌልቹት ሃንጋሪን ለረጅም ዓመታት በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ቪክቶር ኦርባን ያደጉባት መንደር ናት፣ ህዝቧ ከ2 ሺህ አይበልጥም፣ ከ3 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት (ስታዲየሙ በህብረቱ ገንዘብ አልተሰራም)። በ2016 ከስታዲየሙ አካባቢ ተነስቶ 6 ኪሎሜትር ገደማ ሄዶ የድሮ የሃብስበርግ መስፍን የአትክልት ስፍራ ወደነበረው አልቹት የሚደርስ ትንሽ ባቡር ተከፈተ፣ ከህብረቱ ወደ 600 ሚሊዮን ፎሪንት ተሰጥቶታል። ወረቀት ላይ ስታዩት ቅርስም አለ ትራንስፖርትም አለ፣ እንከን አይወጣለትም። ማመልከቻው ላይ በቀን በሺህ የሚቆጠር ተሳፋሪ ይገመት ነበር፣ በተግባር የተሳፈረው ከዛ እጅግ ያነሰ ነው። ለስራ የሚሄድ ሰው የሌለበት መስመር ትራንስፖርት አይባልም፣ የመዝናኛ ጉዞ ነው፣ መዝናኛ መሆኑ ወንጀል አይደለም ግን በስሙ ይጠራ።

ሌብነትም አለ እንጂ። የቡዳፔስት 4 ቁጥር ሜትሮ በ2014 ተከፈተ፣ 10 ጣቢያ፣ 7.4 ኪሎሜትር፣ ጣቢያዎቹ በጣም ያምራሉ፣ እውነት። ግን የህብረቱ ጸረ ማጭበርበር መስሪያ ቤት መርምሮ ኮሚሽኑ 228 ሚሊዮን ዩሮ እንዲያስመልስ ሀሳብ አቀረበ። ከዛ ታህሳስ 2022 ላይ ነገሩ ከአንድ ፕሮጀክት አለፈ፣ የጨረታ አሰራሩና ሙስናው አሳሰበን ብለው አባል አገሮች የሃንጋሪን 6.3 ቢሊዮን ዩሮ የኮሄዥን ገንዘብ አገዱ። የታገደ ገንዘብ ዘላለም ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ጊዜ ገደብ አለው፣ በ2024 መጨረሻ 1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ጊዜው አለፈና ሃንጋሪ እስከ ወዲያኛው አጣችው። ይሄ የሚያናድደኝ የቱ ጋ ነው መሰላችሁ፣ ጨረታውን ያበላሸው ሰውዬ ኪሱ አይጎድልም፣ የሚጎድልበት አውቶቡሱ ያረጀበት ከተማና ጣራው የሚያፈስ ትምህርት ቤት ያለው መንደር ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ፣ ስለ ሴጌድ ነው። መጋቢት 1879 የቲሳ ወንዝ ገደቡን ጥሶ ከተማዋን በላት፣ ከ5,700 በላይ ቤት ውስጥ ሳይፈርስ የቀረው 265 ነው ይባላል። እርዳታ ከየአገሩ መጣ፣ ከተማዋ እንደ አዲስ በቀለበት መንገድ ተሰራች፣ ዛሬ ሰው ፎቶ የሚያነሳባቸው ህንጻዎች ብዙዎቹ ከዛ በኋላ የመጡ ናቸው። ያኔ ሰሌዳ ትከሉ ያለ የለም፣ ሴጌዶች ራሳቸው የታላቁን ቀለበት መንገድ ክፍልፋዮች በረዱዋቸው ከተሞች ስም ጠሩዋቸው፣ ቪየና፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊን፣ ብራሰልስ፣ ሮም፣ ሞስኮ። ስሞቹ አሁንም አሉ፣ ትራም-ባቡሩም ከሮኩሽ ጣቢያ ወደ መሃል ከተማ ሲገባ ያንን ቀለበት አቋርጦ ነው የሚያልፈው።