የጋላክሲዎች የጋዝ ዑደት

ጋላክሲ ዝግ ማጠራቀሚያ አይደለም። ጋዝ ከውጭ ይገባል፤ ከፊሉ ኮከብ ይሆናል፣ ከፊሉ ተገፍቶ ይወጣል፣ ከወጣውም የተወሰነው ተመልሶ ይወድቃል። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ በዓመት የ1 ወይም የ2 ፀሐይ ክብደት ያህል ጋዝ ወደ ኮከብነት ይለውጣል። አሁን ያለው ሞለኪውላዊ ጋዝ (ኮከብ የሚወለድበት ቀዝቃዛ ጋዝ) በዚህ ፍጥነት ከጥቂት ቢሊዮን ዓመት በላይ አያዘልቀውም፤ ሆኖም ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ከዋክብት ሲወልድ ኖሯል። ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱን ወንዝ የሚሞላው የደጋው ዝናብ እንደሆነ ሁሉ፣ የጋላክሲም ሕይወት የሚወሰነው ከውጭ በሚደርሰው ነው።

በትናንሽ ጋላክሲዎች ጋዙ ቀዝቀዝ እንዳለ በቀጫጭን ጅረቶች ይገባል። በስበቱ ብቻ የሚታወቀውን የማይታይ ጨለማ ቁስ ጨምሮ ከአንድ ትሪሊዮን ፀሐይ በላይ በሚመዝኑት ግን ሲወድቅ ተጋጭቶ ወደ ሚሊዮን ዲግሪ ይግላል፤ እስኪበርድም ኮከብ አይሆንም።

የሚያስወጣው በዋናነት ሱፐርኖቫ ነው። ከ8 ፀሐይ በላይ የሚመዝን ኮከብ ሲፈነዳ የሚለቀው ጉልበት ጋዙን በሰከንድ በመቶዎች ኪሎሜትር ይገፋል። ስበታቸው ደካማ የሆኑ ጋላክሲዎች እስከነአካቴው ያጡታል። በፍኖተ ሐሊብ፣ በፀሐይ አካባቢ፣ ለማምለጥ በሰከንድ 550 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚያስፈልግ ብዙው ይመለሳል። በግዙፎቹ ደግሞ መካከላቸው ያለው ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን እያሞቀ ጋዙ እንዳይበርድ ያደርጋል፤ አዲስ ኮከብ መወለዱ ይቆምና የጋላክሲው ቀለም ወደ ቀይ ይለወጣል።

በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ሐረር ካለው ከሐኪም ጋራ አናት ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው ትልቁ የማጄላን ደመና፣ የፍኖተ ሐሊብ ጎረቤት የሆነ ትንሽ ጋላክሲ፣ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ከእሱና ከታናሹ ደመና የተነጠቀው ጋዝ ሰማዩን ከ100 ዲግሪ በላይ አቋርጦ ተዘርግቷል፤ ዓይን አያየውም፣ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ግን በ21 ሳንቲሜትር የሃይድሮጂን ሞገድ ይይዘዋል።

አስቸጋሪው ልኬቱ ነው። ጋዙ እጅግ ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለ ኳዛር (እጅግ ደማቅ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት) ተፈልጎ ብርሃኑ ሲያልፍ የትኞቹ ቀለማት እንደተዋጡ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመው የአልትራቫዮሌት ስፔክትሮግራፍ (ብርሃንን በቀለም የሚበትን መሣሪያ) ለዚህ ብዙ ሠርቷል። ዘዴው ግን ጋዙ ከጋላክሲው ፊት ይሁን ከኋላ አይለይም፤ ወደ እኛ የሚመጣ ጋዝ ከፊት ከሆነ እየወጣ ነው፣ ከኋላ ከሆነ እየገባ። በጋላክሲው በራሱ ብርሃን ሲለካ ጥርጣሬው ይወገዳል፦ ጋዙ የዋጠው ቀለም በብርሃኑ ላይ የሚተወው ጥቁር መስመር ወደ ሰማያዊ ካዘነበለ መውጣት፣ ወደ ቀይ ካዘነበለ መግባት ነው። ገቢው በቀጭን ጅረት ስለሚመጣ በእይታ መስመር ላይ እምብዛም አይገጥምም፤ በዚህም የተነሳ ከመግባት ይልቅ መውጣት በብዛት ተመዝግቧል።