አዌይ ኤንድ ምንድን ነው? የእንግሊዝ ስታዲየሞች ለእንግዳ ደጋፊ ያጠሩት ክልል

አዌይ ኤንድ በእንግሊዝ ስታዲየሞች ለእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ብቻ የሚከለል ክፍል ነው። የራሱ መግቢያ፣ መጸዳጃ ቤትና የምግብ መሸጫ አለው፤ ወደ ባለሜዳው ደጋፊዎች የሚያሻግር በር ግን ወይ የለውም ወይ ተቆልፎ ይቆያል። በቴሌቪዥን ከጎሉ ጀርባ ወይም ጥግ ላይ ታጭቆ 90 ደቂቃ ሙሉ ሲዘምር የምናየው ያ ሕዝብ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ክልሉ መጀመሪያ የታጠረው ግን ጠብን ለመከላከል ነበር። ስለ አስፈሪ ሜዳዎች የሚወራው የድሮ ትዝታም አብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚህ አጥርና ወደ እሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

እስከ 1960ዎቹ (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአብዛኛው ሜዳ መለያየት የሚባል ነገር አልነበረም። ደጋፊው በር ላይ ከፍሎ ይገባና በሲሚንቶው እርከን ላይ ደስ ባለው ቦታ ይቆማል። ከእረፍት በኋላ ቡድኑ ወደሚያጠቃበት ጎል ጀርባ የሚዞርም ብዙ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ወጣቶች ከጎል ጀርባ ያለውን እርከን እንደ ግዛት ያዙት፦ የማንቸስተር ዩናይትዱ ስትሬትፎርድ ኤንድ፣ የቼልሲው ሼድ፣ የአርሰናልና የዌስትሃም ኖርዝ ባንክ። ግዛት ካለ ደግሞ የሚወር አይጠፋም።

ወረራው የራሱ አካሄድ ነበረው። እንግዶቹ በሩ እንደተከፈተ ሁለት ሦስት እየሆኑ፣ ስካርፋቸውን ደብቀው ይገባሉ፤ ከባለሜዳዎቹ መሐል ቆመው ቁጥራቸው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንዱ የክለባቸውን ዜማ ያነሳል። ወዲያው ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሽቶ መሐል ላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ በዚያ ባዶ ቦታ ዙሪያ ግፊያና ቡጢ ይከተላል። በመጨረሻ ፖሊስ ገብቶ ወራሪዎቹን በሜዳው ጠርዝ እየነዳ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወስዳቸዋል፤ የራሳቸው ሰዎችም በጭብጨባ ይቀበሏቸዋል። አሸናፊውን የሚወስነው ማን ቆመ ማንስ ሮጠ የሚለው ነበር። ዛሬ እንደ ጀብዱ የሚተረከው ጠብ ብዙው ሩጫና ጩኸት የነበረውም ለዚህ ነው። ሁሉም ግን በሩጫ አላበቃም። በነሐሴ 1974 በብላክፑልና በቦልተን ጨዋታ ላይ አንድ ወጣት በስታዲየሙ ውስጥ በስለት ተወግቶ ሞተ። በዚያው የውድድር ዘመን ማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወርዶ ስለነበር፣ በሺዎች የሚቆጠር ተከታዩ ይህን ያህል እንግዳ ለማስተናገድ ያልተዘጋጁ ትንንሽ ሜዳዎችን ያጥለቀልቅ ነበር። ከዚህ በኋላ አጥሩ በየስታዲየሙ ተዛመተ።

የአጥሩ አሠራር ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ከእርከኑ ላይ እስከ ታች የሚወርደው የጎን አጥር ነው፤ ሕዝቡን በየክፍሉ ይከፋፍላል። ሁለተኛው በሜዳው ዙሪያ የቆመው ከፍ ያለ የብረት አጥር ሲሆን፣ በብዙ ቦታ አናቱ ወደ ተመልካቹ የታጠፈና የሾለ ነበር። ሦስተኛው በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል ባዶ የሚተውና ፖሊስ የሚቆምበት ሰርጥ ነው። ቼልሲ በ1985 በሜዳው ዙሪያ ባለው አጥር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨምሮ ዘርግቶ ነበር፤ የለንደን አስተዳደር ስለከለከለው ኤሌክትሪኩ ሳይበራ ቀረ።

አጥሩ ቡጢን ይከለክላል፤ ከላዩ የሚወረወረውን ግን አይመልስም። ሳንቲም (አንዳንዴም ጠርዙ የተሳለ)፣ የጎልፍ ኳስና የዳርት ቀስት የዘመኑ መሣሪያዎች ነበሩ። ጣሪያ በሌለው የእንግዳ እርከን ላይ በዝናብ እየበሰበሱ ከጎን በኩል የሚወረወር ሳንቲም መጠበቅ የተለመደ ነበር።

ከሜዳው ይልቅ ግን መንገዱ ይከፋ ነበር። የባቡር ድርጅቱ ለደጋፊዎች ብቻ የሚመድባቸው ልዩ ባቡሮች ያረጁ ፉርጎዎች ነበሯቸው። ጣቢያው ላይ ፈረስና ውሻ የያዘ ፖሊስ ይቀበላል፤ እንግዳው ሁሉ ተሰልፎ በእጀባ ይነዳል። አንዳንድ ቦታ ከመግባቱ በፊት የጫማ ማሰሪያውን ይፈታ ነበር፤ ማሰሪያ የሌለው ቡት ለእርግጫ አይመችምና። አንድ ሜዳ ‘ከባድ’ የሚያሰኘውም በአብዛኛው አቀማመጡ ነው። የሚልዎል አሮጌው ሜዳ ዘ ዴን ኮልድ ብሎው ሌን በሚባል ጠባብ መንገድ ላይ ነበር፤ አካባቢው በባቡር ድልድዮች የተሞላ፣ መሸሻ የሌለው ሰፈር ነው። በዌስትሃሙ አፕተን ፓርክ ደግሞ ከሜዳው ወደ ምድር ባቡሩ ጣቢያ የሚወስደው ዋናው መንገድ ግሪን ስትሪት ነበር፤ ባለሜዳውም እንግዳውም በእሱ ይሄዳሉ፣ ጣቢያው በር ላይም በአንድ ረጅም ሰልፍ ይቆማሉ። ከጨዋታ በኋላ እንግዶችን በር ዘግቶ ማቆየት ይህን ለማርገብ የመጣ ዘዴ ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነበር፦ ጠብ የሚፈልገው ባለሜዳ በሩ መቼ እንደሚከፈት ስለሚያውቅ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እጀባው የሚይዘው ስካርፍ ያደረገውን፣ ልጁን ይዞ የመጣውንና ጠብ የማይፈልገውን ነበር። ‘ፈርም’ የሚባሉት የተደራጁ የጠብ ቡድኖች ልዩ ባቡሩን ትተው በመደበኛው ባቡር ይሄዱ ጀመር። የዌስትሃሙ ኢንተር ሲቲ ፈርም ስሙን የወሰደው ከዚያው የኢንተርሲቲ ባቡር ነው፤ የፖርትስማውዙ 6፡57 ክሩም ጠዋት ወደ ለንደን ከሚነሳው ባቡር ሰዓት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማሊያውን ጥለው ላኮስት፣ ፊላና ሰርጂዮ ታኪኒ መልበስ ያዙ። ጥሩ የለበሰን ወጣት ፖሊስ ከመንገደኛ መለየት አይችልም። ስለዚህ ጠቡ ከእርከኑ ወጥቶ ወደ ጣቢያው፣ ወደ መጠጥ ቤቱና ወደ ጎዳናው ዞረ።

ክልሉ ከሚችለው በላይ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚሆን መጋቢት 13፣ 1985 በሉተን ሜዳ ኬኒልዎርዝ ሮድ ታየ። የኤፍኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ነበር። የሚልዎል ደጋፊዎች ክፍል ሞልቶ ሕዝቡ ገና ሳይጀመር ወደ ሜዳው ፈሰሰ፤ ጨዋታው ተቋረጠ፤ ሉተን 1ለ0 ካሸነፈ በኋላም የተነቀሉ ወንበሮች በፖሊስ ላይ ዘነቡ። ሉተን ከ1986 ጀምሮ ለአራት የውድድር ዘመናት እንግዳ ደጋፊን ሙሉ በሙሉ ከለከለ፤ በዚህም ምክንያት ከ1986-87 የሊግ ካፕ ተባረረ። በዚያው 1985 በግንቦት፣ በብራስልሱ ሄይዝል ስታዲየም 39 ሰዎች ሲሞቱ የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ለአምስት ዓመት ታገዱ፤ ሊቨርፑል ለስድስት።

ከሁሉ የከፋው ግን የደረሰው በጠብ አልነበረም። ሂልስብራ የሼፊልድ ዌንስዴይ ሜዳ ነው፤ ሌፒንግስ ሌን የተባለው ጫፉ በዘወትር የእንግዳ ክልል ነበር። ሚያዝያ 15፣ 1989 ለኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ለሊቨርፑል ደጋፊዎች ተሰጠ። ቆመው ለሚያዩ ወደ 10,100 ለሚሆኑ ሰዎች የተመደቡት ተሽከርካሪ የብረት በሮች ሰባት ብቻ ነበሩ። ውጭ መጨናነቁ ሲበረታ ፖሊስ ‘ሲ’ (C) የሚባለውን ትልቁን የመውጫ በር አስከፈተ። ፊት ለፊት ያለው ዋሻ የሚወስደው ወደ መሐለኛዎቹ ሁለት የታጠሩ ክፍሎች ነው፤ እነሱ ሞልተው ነበር። በጎንና በጎን ያሉት ክፍሎች ገና ቦታ ነበራቸው፤ ሕዝቡን ወደዚያ የመራ ግን አልነበረም። ከኋላ የሚገባው ከፊት ያለውን አያይም። ከፊት ያለው ደግሞ በጎኑ አጥር፣ በፊቱም አጥር፤ በአጥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ በሮች በጊዜው አልተከፈቱም። ጨዋታው በስድስት ደቂቃ ቆመ። በአደጋው ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ቁጥር 97 ነው። መጀመሪያ ደጋፊዎቹን ለመውቀስ የተነገረውን በ2016 የተጠናቀቀው የምርመራ ችሎት ውድቅ አድርጎታል። አጥሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ በተጠርጣሪነት ማየት የለመደ ዓይን፣ ሰው ሲታፈን ያየው እንደ ሜዳ ወረራ ነው።

የሂልስብራን አደጋ የመረመረው የቴይለር ሪፖርት በ1990 ከወጣ በኋላ የሜዳ ዙሪያ አጥሮች ፈረሱ፤ በላይኞቹ ሁለት ዲቪዚዮኖች እስከ 1994 ሁሉም ቦታ ወንበር እንዲሆን ተወሰነ። ወንበር ማለት ቁጥር ማለት ነው፦ ማን የት እንደተቀመጠ ይታወቃል፣ ካሜራም ይለየዋል። በ1991 የወጣው ሕግ ዕቃ መወርወርን፣ የዘረኝነት ዝማሬንና ወደ ሜዳ መግባትን ወንጀል አደረገ። የስታዲየም እገዳ ትእዛዝ ደግሞ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይደርሳል፤ የታገደው ሰው ብሔራዊ ቡድኑ ውጭ አገር ሲጫወት ፓስፖርቱን ያስረክባል።

ዛሬ በፕሪሚየር ሊግ ባለሜዳው ለእንግዳው የሚሰጠው 3,000 ትኬት ነው፤ ትንንሽ ስታዲየሞች ከያዙት ቦታ 10 በመቶውን ይሰጣሉ። ከ2016-17 ጀምሮ የእንግዳ ትኬት ከ30 ፓውንድ አይበልጥም። በኤፍኤ ካፕ ድርሻው እስከ 15 በመቶ ይደርሳል፤ ያልለመደ ክልል ስለሚከፈትለት ለፖሊስ ከባዱ ጨዋታ ይህ ነው። በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል መረብ የለበሱ ባዶ ወንበሮችና የአስተናባሪዎች መስመር ይኖራል። በ1993 የተከፈተው የሚልዎል አዲሱ ሜዳ ከሳውዝ በርመንድሲ ጣቢያ በቀጥታ ወደ እንግዳው በር የሚወስድ የእግረኛ መንገድ አለው። በጣም በሚፈሩ ጨዋታዎች፣ ለምሳሌ በካርዲፍና ስዋንሲ ደርቢ፣ ‘በብል’ የሚባለው አሠራር ተሞክሯል፦ ደጋፊው በታጀበ ይፋዊ አውቶቡስ ካልሆነ በራሱ መንገድ መምጣት አይችልም። ብዙዎች ይጠሉታል፤ ባቡር የሚቀርበው ሰውም ቢሆን አውቶቡሱ ወደሚነሳበት ከተማ መሄድ አለበት።

አዌይ ኤንድ ሞልቶ በባለሜዳው በኩል ትኬት የገዛ እንግዳ ማሊያውን ቢደብቅም ቡድኑ ጎል ሲያገባ ይታወቃል። አስተናባሪ ከተቀመጠበት አንስቶ ያስወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ወደ እንግዳው ክልል አያዛውረውም፣ ከስታዲየሙ ውጭ ነው የሚያደርገው፤ የከፈለውም አይመለስለትም።