በልግ ምንድን ነው? ወሎስ ለምን እንዲህ ይጠብቀዋል?

በአጭሩ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ነው። ጎጃም ላይ በልግ ቢቀር ክረምቱ አለ፣ ብዙም አያስጨንቅም። ወሎ ግን የዓመቱ ጉዳይ ገና ሰኔ ሳይገባ ግማሹ ያልቃል።

ዝናቡ ከየት ነው የሚመጣው? ከሴኔጋል እስከ ሱዳን ያለውን የሳቫና ምድር ብታዩ የዝናቡ ወቅት አንድ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ፣ የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ መቀነት ተከትሏት ይመጣል፣ ይጥላል፣ ስትመለስ አብሯት ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ወራቱን ሙሉ ደረቅ ሣር ነው። የእኛም ክረምት በዋናነት የዚሁ መቀነት ሥራ ነው። በልግ ግን መንገዱ ሌላ ነው። እርጥበቱን ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረብ ባሕር የሚያመጣው የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነው። ይሄ ብቻውን አይበቃም። ከሜዲትራኒያን በኩል ቀዝቃዛ አየር ከላይ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ነው ያ እርጥብ አየር ሽቅብ የሚነሣው፤ የወሎ ተራራም ያግዘዋል። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ደመናው ይመጣና ሳይጥል ይበተናል። በልግ የማይታመነው ለዚህ ነው።

ደጋውን እንይ። ደላንታ፣ ለጋምቦ፣ ግዳን አካባቢ ገብሱ የሚዘራው በበልግ ነው። ክረምት ላይማ ብርዱ አለ፣ በረዶው አለ፣ ጥቁሩ መሬት ውኃ ይቋጥራል፣ ሰብሉ ሳይደርስ ደግሞ ውርጩ ይቀድመዋል። የበልግ ገብስ የሚታጨደው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ጎተራው በተራቆተበት ሰዓት ማለት ነው።

ቆላው ደግሞ ሌላ ነው። ቆቦና ቃሉ ላይ ረጅሙ ማሽላ ሚያዝያ ላይ መሬት ካልገባ አይሆንም፣ እስኪደርስ ኅዳር ነው። የበልጉ ዝናብ ያበቅለዋል፣ ክረምቱ ያሳድገዋል። ቁመቱ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ በመሃሉ በበሬ ይታረሳል፤ ሽልሻሎ ይሉታል፤ አረሙን ይነቅላል፣ የበዛውን ያሳሳል፣ ውኃውን ሥሩ ላይ ያስቀራል። በልጉ ከቀረ ገበሬው ሐምሌን ጠብቆ ጤፍ ወይ ማሾ ይዘራል። ይበላል እንጂ አገዳ የለውም። አገዳ ደግሞ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። እና ክረምቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ከብቱ በጋውን በምን ያልፋል?

ስለዚህ ዜና ላይ «ዘንድሮ ክረምቱ ደህና ነው» ሲባል ወሎ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ እባካችሁ ይሄን አንርሳ። የ77ቱን ረሃብ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ግን የ1976ቱ በልግ ቀርቶ ነበር፣ ክረምቱም ተከትሎት ቀረ። በ2007ም በልጉ ደከመ፣ ከላዩ ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ሲሞቅ የሚመጣው የአየር መዛባት) ክረምቱን መታው።

የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልጉን ትንበያ ወቅቱ ሳይገባ ያወጣል። ወሎ ቤተሰብ ያላችሁ ስትሰሙት ምን ያህል ይዘንባል የሚለውን ብቻ አትያዙ። መቼ ይጀምራል፣ መሃል ላይስ ያቋርጣል ወይ የሚለውን ጠይቁ። የበቀለ ማሽላ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ካጣ ይደርቃል፣ እንደገና ለመዝራት ደግሞ ሌላ ዘር ያስፈልጋል።